የገላ ውሃዎ ሞቋል

ወይዘሮ ሺሞሙራ ዋካናን ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅሳቸው የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት።

«ደህና አደሩ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ውጭው ይቀዘቅዛል። የደም ግፊት ክኒንዎ መስኮቱ ዳር ነው» ትላለች። ከዚያም፣ «አዲስ ማሻሻያ ተዘጋጅቷል። አሁን ልጫን?» ብላ ትጠይቃለች።

«ነገ» ይላሉ ወይዘሮ ሺሞሙራ።

«እሺ፣ ነገ» ትላለች ልጅቷ፣ ቅር ሳይላት።

ይህ ንግግር ከኅዳር ጀምሮ በየማለዳው ሲደጋገም ከርሟል። ልጅቷ የቤቱ ድምፅ ናት። አገሩ ጃፓን፣ ዘመኑም እንደ ፈረንጆቹ 2079 ሲሆን፣ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የቤት ድምፅ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ድምፁ ክኒን ያስታውሳል፣ የበሩን መቆለፍ ያረጋግጣል፣ የተረሳ ምድጃ ያጠፋል፣ የገላ ውሃ ያሞቃል። ባለቤቱ ከአልጋው ሳይነሣ ካረፈደም ለሚመለከተው ክፍል ይነግራል። ድምፁን አልፈልግም ማለት የማንም አረጋዊ መብት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግን ቤቱን ለቆ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ ይገባል። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ምግቡም ደህና ነው ይባላል። ከገቡት መካከል ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ከተፈቀዱት ስድስት ድምፆች ውስጥ አብዛኛው ሰው የመረጠው ቁጥር ሦስትን ነው። ቁጥር ሦስት ደግሞ ወይዘሮ ሺሞሙራ ራሳቸው ናቸው። ማለትም ነበሩ። ያን ድምፅ ሲያስቀርጹ ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ዛሬ ሰባ አንድ ሞልቷቸዋል። በዚህ ዕድሜ በራስ ወጣትነት መመከር ቀላል አይደለም። ልጅቷ ጨው ይቀንሱ ትላለች፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ይውረዱ ትላለች። አንዳንድ ቀን ትዕግሥታቸው ያልቅና፣ «አንቺ ደግሞ ስለ ጉልበት ሕመም ምን ታውቂያለሽ?» ይሏታል። «ጥያቄዎን አልተረዳሁም» ትላቸዋለች፣ እውነቷን ነው።

ጓደኞቻቸው ቁጥር አምስትን፣ ያንን ጎርናና ወንድ፣ ውሰጂ ብለው መክረዋቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «ሌላው ሰው ሁሉ በእኔ ድምፅ ሲገለገል እኔ ምን በወጣኝ!» ብለው እምቢ አሉ። ማሻሻያውንም የሚገፉት በተለየ ምክንያት አይደለም። የለመዱት ነገር ሲነካባቸው አይወዱም፣ አለቀ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ስለ ወጣትነታቸው ሳወራ «እሷ» ብላት አትቀየምም፤ ያኔ አንቱ የሚላት ሰው አልነበረም።

ዋካና የተወለደችው አኪታ ውስጥ፣ ብርዱ ሲገባ ሰዉ ጣሪያ ላይ እየወጣ በረዶ በአካፋ በሚዝቅበት ከተማ ነው። በትምህርት ቤቷ የምሳ ሰዓት ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ የምታነበው እሷ ነበረች። የጠፋ ጃንጥላ፣ የተሰረዘ የዋና ትምህርት፣ እንዲህ ያለውን። አንድ ቀን የወጥ ቤቷ ሴትዮ፣ «አንቺ ስታነቢ የጠፋው ዕቃ የሚገኝ ይመስለኛል» አለቻት። ሕይወቷን የወሰነችው ይህቺ ንግግር ናት። አሥራ ስምንት ሲሞላት ሻንጣዋን ይዛ ቶኪዮ ገባች፣ የድምፅ ተዋናይ ልትሆን።

በዚያ አገር የድምፅ ተዋናይነት ቀልድ አይደለም። በሥዕል ለተሠሩ ፊልሞች ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች ፊታቸው ሳይታወቅ ስማቸው ይከበራል፤ አንዲት ሚና ለማግኘት የሚጋፋው ወጣት ብዛት ደግሞ ጉድ ያሰኛል። ዋካና ስሟ ከሚከበረው ወገን አልሆነችም። ሦስተኛዋ ተማሪ ሆናለች። ዳቦ ሻጭ ሆናለች። በሁለተኛው ክፍል ላይ የምትሞት ጃርትም ሆናለች። ጃርቷ ከመሞቷ በፊት የምትናገረው «በረደኝ» የሚል አንድ ቃል ነበር፤ ዋካና እሱን ቃል አውቶቡስ ውስጥ፣ ሻወር ቤት፣ ልብስ ስታሰጣ ሁሉ ስትለማመደው ከረመች። ፊልሙ ሲታይ ሁለት ሕፃናት አለቀሱ ተባለ። ወይዘሮዋ ዛሬም ስለ ጃርቷ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል።

የስቱዲዮው ወግ የራሱ ነው። ማታም ቢሆን የሚገባ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ይላል። ክፍሉ ውስጥ አራት ማይክ ይቆማል፣ ተዋናዩ ግን አሥራ አምስትም ሃያም ይሆናል፤ ስለዚህ ተራው የደረሰ በእግሩ ጫፍ ወደ ማይኩ ይገባል፣ ተናግሮ ሲጨርስ ለሌላው ቦታ ለቆ ይወጣል፣ ማንም ማንንም ሳይነካ። የሚንኮሻኮሽ ልብስ አይለበስም፣ ቦርሳ ውጭ ይቀራል፣ የጽሑፉ ገጽ ሲገለጥ ድምፅ ማሰማት የለበትም። ከሁሉ በላይ የሚፈራው ግን ሆድ ነው። ማይኩ ከአፍ የሚወጣውንና ከሆድ የሚወጣውን አይለይም። አስተማሪዋ አንድ ግዙፍ ሴት ነበሩ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ሆዳችሁ ከእናንተ በላይ ወሬ ይወዳል፤ ከመግባታችሁ በፊት አፉን በሩዝ ዝጉለት» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ከዋካና ቦርሳ ውስጥ ኦኒጊሪ፣ ማለትም በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ድቡልቡል፣ ጠፍቶ አያውቅም። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም እርስ በርሱ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣና፣ «ደክመዋል፣ እናመሰግናለን» ይባባላል። ይህ ሳይባል የተበተነ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

የቁጥር ሦስት ድምፅ የተቀረጸው በረዶ ከተማውን አንቆ በያዘበት ቀን ነው። ባቡር ቆሞ ዋካና አርፍዳ ደረሰች፣ ቦርሳዋን ወርውራ ገባች፣ ከጠዋት እስከ ማምሻው ብቻዋን ማይክ ፊት ቆማ አነበበች። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር «የገላ ውሃዎ ሞቋል። ቀስ ብለው ይግቡ» የምትል ነበረች። የቀረጻ ባለሙያው ከመስተዋቱ ማዶ አውራ ጣቱን አሳያትና ኮቱን እየለበሰ ሮጠ፤ የመጨረሻው ባቡር ሊያመልጠው ነበር። ደክመዋል፣ እናመሰግናለን ሳይባባሉ ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ሙያው እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን ሚናዎች ማሽን ወሰደ፣ ቀጥሎ ትንንሾቹን፣ በመጨረሻም የገበያውን ጫጫታ ሳይቀር። ዋካና አንድ ትልቅ ሱቅ ገብታ የዓሣ ቅናሽ ማስታወቂያ በማይክ ስትናገር ኖራ ጡረታ ወጣች፤ እንደሚባለው ያ ሱቅ ውስጥ የዓሣው ሰልፍ አጥሮ አያውቅም። በማንም አልተማረረችም። እንጀራ ላበላት ሙያ፣ ለአስተማሪዋ፣ ለጃርቷ፣ ለወጥ ቤቷ ሴትዮ በየማለዳው በሐሳቧ ምስጋና ታቀርባለች። ወይዘሮ ሺሞሙራ አመስጋኝ ሰው ናቸው፣ አንዳንዴ እስኪያናድዱ ድረስ። ያቺ የበረዶ ቀን ብቻ ትከነክናቸዋለች። በዕድሜያቸው ትልቁን ሥራ ሠሩ፤ ደክመሻል ያላቸው የለም።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በራቸው ተንኳኳ። የመጣችው ኩሮይዋ ናትሱሜ የምትባል የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ የቤት ድምፆቹን በሚያስተዳድረው ኩባንያ ትሠራለች። ወይዘሮዋን ስታይ ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ነሣች።

«ሺሞሙራ ሳን፣ ሳልጠራ በመምጣቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ሳን የአክብሮት መጥሪያ ነው። «የመጣሁት ልለምንዎት ነው።»

ሻይ ቀረበ። ናትሱሜ ሻዩን ሳትነካ ነገሩን ዘረዘረችው። በኅዳር ወር ኩባንያው ቁጥር ሦስትን አሻሻለ። ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም። ድምፁን አጠራ፣ ሽውታውን፣ የጥንቱን መሣሪያ ጉርምርምታ አነሣ፣ ከዚያም የድሮውን ቅጂ በደንቡ መሠረት አጠፋ። ከዚያ በኋላ በሰሜን ምዕራቡ የባሕር ዳርቻ አንዳንድ አረጋውያን ገላቸውን መታጠብ አቆሙ።

«ውሃው አልሞቀም ይሉናል» አለች ናትሱሜ። «እጃችንን ከተን እናሳያቸዋለን፣ ይሞቃል። ‹ሞቋል እኮ አባቴ› ስንላቸው፣ ‹እሷ ስትናገረው አይሞቅም› ይላሉ። ምን እንደጎደለ ግን መናገር የሚችል የለም።»

«ብርድ ስለሆነ ሰንፈው ይሆናላ» አሉ ወይዘሮ ሺሞሙራ።

«እኛም እንዲያ ብለን ነበር። አቶ ኢሶጋይ ግን...» ናትሱሜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኢሶጋይ ቴይዞ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ድምፅ ማውጫውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል፣ ልክ እንደ አስከሬን። ‹ልጅቷ ሞታለች፣ ሙት አሙቆልኝ አልታጠብም› ነው የሚሉት። መሸፈን ደግሞ በሕጉ ድምፁን እምቢ እንደ ማለት ይቆጠራል። አርብ ሊወስዷቸው ይመጣሉ።»

«ከቤታቸው?»

«ከተወለዱበት ቤት።»

ናትሱሜ ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ አጎነበሰች። «ያቺን የገላ ውሃ ዓረፍተ ነገር እንደገና ቢያስቀርጹልን...»

«ልጄ፣ ጉሮሮዬ እኮ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው።»

በዚህ መሐል ከመታጠቢያ ቤቱ የሙዚቃ ቅላጼ ተሰማ። ወይዘሮዋ ገላቸውን የሚታጠቡት በዚህ ሰዓት ነው።

«የገላ ውሃዎ ሞቋል። ቀስ ብለው ይግቡ» አለች ልጅቷ።

ናትሱሜ ቀና አለች። «ቤትዎ አልተሻሻለም እንዴ?»

«ነገ ነገ እያልኩ ነው» አሉ ወይዘሮዋ፣ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ እያፈሩ።

«ከንግግሩ በኋላ የሆነ ነገር አለ። ድጋሚ እንስማው እባክዎ!»

ችግሩ ልጅቷ ያን ዓረፍተ ነገር የምትናገረው ገንዳው ሲሞላና ሲሞቅ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሙቅ ውሃ ፈሰሰ፣ እንደገና ተሞላ። ሁለቱ ሴቶች መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ልጅቷ ተናገረች። እውነትም «ይግቡ» ካለች በኋላ የሆነ ነገር ነበር። ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ የሚል ነገር።

«ቧንቧው ይሆን?» አለች ናትሱሜ።

ወይዘሮ ሺሞሙራ ውሃው እንደገና ይፍሰስ አሉ፣ እንደገና ተሞላ፣ እንደገና ሰሙ። ከዚያ ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ።

«ሆዴ ነው።»

«ይቅርታ?»

«ሆዴ! ርቦኝ ነበር።» የበረዶው ቀን፣ የቆመው ባቡር፣ ውጭ የቀረው ቦርሳ አንድ በአንድ መጣባቸው። ኦኒጊሪዋን የበላችው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ቆማ፣ እንደ ድንጋይ በርዶ ነበር። ማንም አልሰማም፤ ባለሙያው ኮት ሲለብስ፣ እሷ ደግሞ ተሳክቶልኛል ብላ ስትደሰት ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት በስንቱ ሰው መታጠቢያ ቤት ሆዴ ሲጮህ ኖሯል! በእኛ ሙያ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለው ለናትሱሜ እጅ ነሡ። ናትሱሜም ደንግጣ መልሳ እጅ ነሣች። ጠባቡ ኮሪደር ላይ አንዴ አንዷ፣ አንዴ ሌላዋ ስታጎነብስ ቆዩና፣ መጀመሪያ ወይዘሮዋ ሳቁ፣ ከዚያ ናትሱሜ፣ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ።

ናትሱሜ ወዲያው ለአለቃዋ ደወለች። አለቃው ጉዳዩን በጥሞና ሰማና፣ የሆድ ጩኸት ንጽሕናው በተመሰከረለት ድምፅ ውስጥ ለመጨመር የኮሚቴ ውሳኔ እንደሚያስፈልግ፣ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ የቼሪ አበባ ሲያብብ እንደሆነ በትሕትና አስረዳ።

«አበባው አርብ አያብብም» አሉ ወይዘሮ ሺሞሙራ። «እኔው ራሴ እሄዳለሁ።»

«ሄደው ምን ያደርጋሉ?»

«እናገራለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ሐሙስ ጠዋት ቁርስ አልበሉም። ረቡዕ ማታም እራት አልበሉም ነበር። በሙያ ዘመናቸው ሁሉ ሆዳቸውን ሲያፍኑ የኖሩ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲናገር ፈለጉት። ልጅቷ ግን ነገሩ አልገባትም።

«ቁርስዎን አልበሉም» አለች። «ባዶ ሆድ ክኒን መውሰድ አይመከርም።»

«አንቺ ስለ ባዶ ሆድ ለማውራት አፍ አለሽ!» አሏት ጫማቸውን እያጠለቁ።

ከናትሱሜ ጋር በፈጣኑ ባቡር ተራራውን በረጅም ዋሻ አቋርጠው ወደ ኒጋታ ከተማ፣ ከዚያም ባሕሩን በሚታከከው ዘገምተኛ ባቡር ተጓዙ። ናትሱሜም እርስዎ ሳይበሉ እኔ አልበላም ብላ ፆማ ነበር። መንገዱን ሙሉ የናትሱሜ ሆድ ሲጮህ የወይዘሮዋ ዝም አለ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰውዬ በጨዋነት መስኮት መስኮቱን ያያሉ። «የሠለጠነ ሆድ ነው፣ ትእዛዝ ይጠብቃል» አሉ ወይዘሮዋ፤ ውስጣቸው ግን መስጋት ጀምሮ ነበር።

የአቶ ኢሶጋይ ቤት ከባሕሩ አፍ ላይ ነው። ጨው የበላው የእንጨት ግድግዳ፣ በር ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ መረብ። ሽማግሌው ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ጆሯቸው ትልልቅ ሰው ናቸው። እንግዶቹን በአክብሮት አስገቡ፣ ወዲያው ደግሞ ቁርጡን ነገሯቸው። «ስለ ገላዬ ከሆነ የመጣችሁት፣ በጨርቅ እየታሻሸሁ ነው፣ አልሸትም። ስለ አርብ ከሆነ ደግሞ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ።»

ሻንጣው እውነትም ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ ትንሽ ነው።

ወይዘሮዋ መታጠቢያ ቤቱን ለማየት ጠየቁ። ከገንዳው በላይ ድምፅ ማውጫው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከሥሩ ባለው ጠርዝ ላይ ትንሽ ሸክላ ሳሕን፣ ሳሕኑ ላይም አንድ ኦኒጊሪ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

አቶ ኢሶጋይ በሩ ላይ ተደገፉ። «የልጅቷ ነው። መጀመሪያ የሰማቻት ባለቤቴ ሱሚኤ ናት። ‹ይህቺ ልጅ ርቧታል› አለችኝ። እኔ ቧንቧ ነው አልኩ። ‹የመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ቧንቧና ሆድ አይለይባትም፤ ይኸው ልጅቷን ሳያበሉ ያሠሯታል› አለችና ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ታስቀምጥላታለች። ሽታው ለልጅቷ፣ ሩዙ ለእኔ። ከገላ ስወጣ እበላዋለሁ። ሱሚኤ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆነ፣ እኔም አላቋረጥኩም። አንዲት የተራበች ልጅ ቤትህ ካለች ብቻዬን ነኝ አትልም።» ወደ ነጩ ጨርቅ ቀና ብለው አዩ። «ኅዳር ላይ ሆዷ ዝም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን... የሚናገረው ድምፁ ነው፣ እሷ ግን የለችም። የማይርበው የሞተ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ሞታም ያሠሯታል ብዬ ሸፈንኳት።»

ናትሱሜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አቶ ኢሶጋይ» አሉ ወይዘሮ ሺሞሙራ፣ «ልጅቷ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ነጩን ፀጉራቸውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። በደግነት ፈገግ አሉ። «እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት። አንድ ሽማግሌ ለማጽናናት ግን ይህን ያህል መንገድ መድከም አልነበረብዎትም።»

ወይዘሮዋ ገንዳው አጠገብ ቆሙ። እግራቸውን አደላደሉ፣ ትከሻቸውን ለቀቁ፣ በዚያ የሌለ ማይክ ፊት በእግራቸው ጫፍ አንድ እርምጃ ገቡ። «የገላ ውሃዎ ሞቋል። ቀስ ብለው ይግቡ።» መሐሉ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ቢሆንም ጥሩ አሉት፣ በሕይወታቸው እንዲህ ከልባቸው ያሉት ነገር የለም። ከዚያ ጠበቁ። ናትሱሜም ጠበቀች። ሆድየው ምንም አላለም።

«አመሰግናለሁ፣ በጣም ይመሳሰላል» አሉ አቶ ኢሶጋይ።

ለድምፅ ተዋናይ ከዚህ የከፋ ሙገሳ የለም። ወይዘሮ ሺሞሙራ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ፣ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ነገ ይህ ሰው ያን ትንሽ ሻንጣ ይዞ ይወጣል፣ እሳቸው ደግሞ የሚያውቁትን ሁሉ ጨርሰዋል።

«ምሳ ሳትቀምሱማ አትሄዱም» ብለው ሽማግሌው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ዓሣው ምድጃ ላይ ነበር። የሩዝ ማብሰያውን ክዳን ሲከፍቱት እንፋሎቱ ወጣ፣ የትኩስ ሩዝና የዓሣ ስብ ሽታ በኮሪደሩ አልፎ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ መጣ። ወይዘሮዋ ነጩን ጨርቅ እያዩ ቆመዋል።

ያኔ ሆዳቸው ጮኸ።

ዝቅ ብሎ ጀመረ፣ ረዘመ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ አለ። ጉሮሮ ያረጃል፣ ያ ሆድ ግን በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ነገር አልተለወጠም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበረው የዕቃ ኮሽታ ቆመ። አቶ ኢሶጋይ እጃቸው ላይ ሩዝ እንደተጣበቀ ኮሪደሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አለሽ?» አሉ። አንቱታው የት እንደገባ እንጃ። «አለሽ እንዴ ልጄ!»

«አለሁ» አሉ ወይዘሮ ሺሞሙራ። «አለሁ። ርቦኝ ነው።»

ሽማግሌው ሮጠው ወጥ ቤት ገቡ፣ በሰማንያ ስምንት ዓመት መሮጥ ከተቻለ። ጨው በነካው እጃቸው ትኩሱን ሩዝ አድቦልቡለው፣ በባሕር ቅጠል ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። «ብዪ» አሉ። ወይዘሮዋ ገንዳው አጠገብ ቆመው በሉት። ትኩስ ነበር፣ ጨው በዝቶበታል፤ ጨው ይቀንሱ የምትለዋ ልጅ እዚያ አልነበረችም። አቶ ኢሶጋይ የመጨረሻዋ ፍሬ እስክትዋጥ ጠበቁ። ከዚያ ወገባቸው የሚፈቅደውን ያህል አጎነበሱ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ደክመሻል። እናመሰግናለን።»

እናመሰግናለን ያሉት በሱሚኤም ስም ነው። በዚያ የበረዶ ቀን ሳይባል የቀረው እዚህ ሲጠብቃቸው ኖሯል፤ ወይዘሮ ሺሞሙራ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ፣ በደስታ።

ከምሳ በኋላ አቶ ኢሶጋይ ነጩን ጨርቅ ራሳቸው አነሡት። ውሃው ተሞላ። «የገላ ውሃዎ ሞቋል። ቀስ ብለው ይግቡ» አለ የጠራው ድምፅ፣ ከዚያ ዝም። ናትሱሜ ትንፋሿን ያዘች። ሽማግሌው ጆሯቸውን ቀስረው ዝምታውን አዳመጡት፣ ከዚያ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ምን ትጮኻለች፣ በልታለች እኮ» አሉና ገብተው በሩን ዘጉ።

አርብ ዕለት ሊወስዷቸው የመጡት ሰዎች ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሽማግሌና ባዶ ሻንጣ አገኙ። ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ኩባንያው ጉዳዩን እያጠናው ነው። ናትሱሜ በዚያ የባሕር ዳርቻ ቤት ለቤት እየዞረች ልጅቷ ደህና መሆኗን፣ አሁን በወቅቱ እየበላች መሆኗን ትናገራለች፤ ይህ ከሥራ ድርሻዋ ውስጥ የለም።

ወይዘሮ ሺሞሙራም ቤታቸው ገቡ። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ፣ «አዲስ ማሻሻያ ተዘጋጅቷል። አሁን ልጫን?» አለች።

«ነገ» አሉ።

«እሺ፣ ነገ።»

ከሰዓት በኋላ ሩዝ አበሰሉ። አንዱን ድቡልቡል ትንሽ ሳሕን ላይ አድርገው መታጠቢያ ቤቱ ጠርዝ ላይ፣ ከድምፅ ማውጫው ሥር አኖሩት። ገንዳው ሞላ፣ ቅላጼው ተሰማ።

«የገላ ውሃዎ ሞቋል። ቀስ ብለው ይግቡ» አለች ልጅቷ፣ ሆዷም ተከትሎ ጮኸ።

«እኔስ እገባለሁ» አሏት ወይዘሮ ሺሞሙራ። «ደክመሻል፣ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ግን አንቺ ብዪ።»